የኔትወርክ ድንጋይ

ካፊያ ከድንጋዩ ክምር ላይ ወጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ከሐርተሼክ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጉብታ ኔትወርክ የሚገኘው እዚህች ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እረኞቹ ድንጋይ ቆልለው ምልክት አድርገውባታል። ትንሽ ፈቀቅ ካሉ የለም።

ስልኩ ነዘረ። የትናንቱ መልእክት ነበር። «በሸደር በኩል ዝናብ አልጣለም። ኩሬዎቹ ደርቀዋል። መንጋ እንዳትወስዱ።»

ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ከወረዳው የሚላከውን መልእክት በየምሽቱ እዚህ ወጥታ ማንበብ የእሷ ሥራ ነው፤ ከቤቱ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ናት። ትናንት ግን ለዛሬው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስታጠና መውጣቱ ታከታት። አጎቷ ዋበሪ ሲጠይቋት፣ ገበያ የሰማችውን ወሬ መልእክት አስመስላ «ሸደር ዘንቧል ይላል» አለቻቸው። እሳቸውም አምነዋት ሳይነጋ መንጋውን ነድተው ሄዱ። ያውም ካለፈው ድርቅ የተረፈውን።

ደወለችላቸው። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አላት የተቀዳው ድምፅ።

ከየት ይገኛሉ! የኔትወርኩ ማማ ሲተከል ለመሐንዲሱ ያስተረጎመችው ራሷ ናት። እረኛው ያለው ከጉብታው ወዲያ ነው ብትለው፣ ከላፕቶፑ ቀና እንኳ ሳይል «እህቴ፣ ዲዛይኑ የሚከተለው አስፋልቱን ነው። ግመል ካርድ አይገዛም» ነበር ያላት። አብረውት ያሉት ሳቁ። እሷም አብራ ስቃ ነበር፤ ያ ሳቋ አሁን አንገበገባት።

«አንቺ! በሩ ሊዘጋ ነው እኮ!» የክፍሏ ልጅ ፊርደውስ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከታች ትጣራለች።

ካፊያ ወርዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ፊርደውስ። «የትናንቱ መልእክት ስህተት ነበር፣ ማስተካከያው ኔትወርክ ይዞት ዛሬ ገባ በያቸው። ማን ይነቃብሻል? አሁን ነይ እንፈተን።»

እውነትም ማንም አይነቃባትም። በኔትወርኩ የማያማርር ሰው የለም፤ አጎቷም ማማውን ረግመው ዝም ይላሉ።

«ፈተናው እስኪያልቅ መንጋው ደረቅ ሜዳ ላይ ይደርሳል» አለች ካፊያ።

«እና ዓመት ሙሉ ልትቀመጪ ነው?»

ካፊያ እርሳሷንና ላጲሷን ሰጠቻት፤ ከቤት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ የመንጋውን ዱካ ተከተለች። ጉብታውን እንዳለፈች ስልኳን አጠፋችው፤ ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የለም።

ለአጎቷ የምትለውን እየሄደች ተለማመደችው። «አዴር ዋበሪ፣ ትናንት ጉብታው ላይ አልወጣሁም። ዋሸሁዎት።» ከዚህ ሌላ አልጨመረችበትም።