አሥራ ሁለት ቀዳዳ

«ከበሳሁት በኋላ መመለስ የለም» አለ ማኑ፣ መሰርሰሪያውን እያነሳ። «እናትሽ ታውቃለች አይደል?»

«አዎ፣ ታውቃለች» አለች ኤልዳና።

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። እናቷ ወለተማርያም ስቶቭነር ሰፈር ጽዳት ሥራ ላይ ናት፤ የአባቷ ጊታር ከቁም ሣጥኑ ላይ መውረዱን እንኳ አላወቀችም። አባቷ ግርማ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተጫወተበትም።

ማኑ ሕንዳዊ ነው። ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ የአገሩን ጥንታዊ ሙዚቃ በየመድረኩ ሲጫወት ሠላሳ ዓመት ኖሯል። የሚሸጡት ጊታሮች አልበቃ ሲሉት ራሱ መሥራት ጀመረ። አሁን ሃውገንስቱዋ ሰፈር፣ እነ ኤልዳና የሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። «እንደ ሰው የሚዘፍን ጊታር ስፈልግ ዕድሜዬ አለቀ» ይላል እየሳቀ።

ኤልዳናም የምትፈልገው እንዲህ ያለ ጊታር ነው። አባቷ ሳህን እያጠበ ትዝታ ሲያንጎራጉር የቀዳችው አርባ ሰከንድ ስልኳ ላይ አለ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይንሸራተታል። ያችን ቦታ በተውሶ ጊታር፣ በጣቷ ስንቴ ሞክራ አጣቻት። ባለፈው ሳምንት ግን በማኑ ጊታር ላይ ብረቱን ስታንሸራትት አገኘቻት። ወይኔ፣ እንዴት እንዳለቀሰች!

«የአባዬንም እንደዚህ አድርግልኝ» ብላ የለመነችው ያኔ ነው። አሥራ ሁለት ቀዳዳ፣ አሥራ ሁለት ተጨማሪ ክር፤ ማንም ሳይመታቸው አብረው የሚያስተጋቡ።

ማኑ ከመብሳቱ በፊት የጊታሩን አንገት ዳበሰና ቆመ። እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ ጎድጉዷል።

«የአባዬ ጣት ነው» አለች። «ሁሌ እዚያ ነበር የሚጫነው። ይጠፋል?»

«አይጠፋም። ለብረቱ እንዲመች ክሮቹን ከፍ አደርጋቸዋለሁ፣ አዲሶቹም ከሥራቸው ይዘረጋሉ፤ ከእንግዲህ የማንም ጣት እዚያ አይደርስም።»

የማንም። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ስትጠርግ ትዝ አለቻት። ጨርቁን ታስቀምጥና ጣቷን እዚያች ጎድጓዳ ላይ አሳርፋ ትቆያለች። ኤልዳና ከበሩ ሥር አይታት በቀስታ ተመልሳለች።

«ቆይ፣ ማኑ! ዋሽቼሃለሁ። እማዬ አታውቅም።»

ማኑ አልተቆጣም። መሰርሰሪያውን አስቀምጦ ክር ላይ የሚያንሸራትተውን ብረት መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ጊታሩንም ብረቱንም ይዘሽ ሂጂ፤ መጀመሪያ እናትሽ ትስማ» አለ።

ቤት ስትገባ ጊታሩን ወደ ቁም ሣጥኑ አልመለሰችውም። ሶፋው ላይ አጋደመችው፤ ብረቱንና ስልኳንም አጠገቡ አኖረች። ከዚያ መብራቱን አብርታ የእናቷን ቁልፍ ድምፅ መጠበቅ ጀመረች።