ሦስተኛው ቀዳዳ

«ያዘው! አጥብቀህ ያዘው እንጂ!» አለች ናዝራዊት፣ መሰርሰሪያውን በሁለት እጇ ተጭና።

«ይዣለሁ! አንቺ ብቻ እጄን እንዳትበሺው!» ሚናስ ላሜራውን በመዳፎቹ ተጭኖ ዓይኑን ጨፍኗል።

መሰርሰሪያው ጮኸ፤ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ቀጭ! አለ። ሦስተኛው ቀዳዳ አለቀ። የሚበሳው ብረት፣ ፑንታውም፣ አብሮ አለቀ፤ ጫፉ ተሰብሮ ሰጋቱራው ውስጥ ጠፋ።

«ግድ የለም፣ ጨርሰናል!» አለች። ዛሬ እሷን ፑንታ መሰበር ቀርቶ መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚያስቆማት አይመስልም ነበር።

ያሉት በእሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁለት ላይ፣ የናዝራዊት አያት አቶ ወልደሥላሴ ለአርባ ዓመት እንጨት የሠሩበት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ናዝራዊትና ሚናስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ጎረቤትም ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያወሩ የከረሙት የአያቷን ራውተር ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ስለመስቀል ነበር። ሚናስ መጀመሪያ ቀን «ዋይፋይ ልታስገቡ ነው እንዴ?» ብሎ በመጠየቁ ናዝራዊት ለአንድ ሳምንት ፋራ ስትለው ሰንብታለች። ይኼኛው ራውተር ሌላ ነው። ሁለት እጀታ ያለው ከባድ ማሽን ሲሆን፣ ከሥሩ የሚሽከረከረው ቢላ የእንጨት ጠርዝ ይቀርጻል።

ችግሩ የአያቷ እጅ ነው። ከዓምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ከወር በፊት ራውተሩ ከእጃቸው አፈንግጦ የደንበኛ ቁም ሣጥን በር ሲያበላሽባቸው፣ አቶ ወልደሥላሴ ማሽኑን አጥፍተው ቁጭ አሉና «በቃኝ» አሉ። ዕቃውን ሁሉ የሚወስድ ነጋዴም አገኙ። የሚመጣው ዛሬ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ናዝራዊት ግን አለቅስም ብላ ሐሳብ ይዛ መጣች። ማሽኑ ከጠረጴዛ ሥር ከተሰቀለና ቢላው ብቻ በላሜራ መሃል ወደ ላይ ብቅ ካለ፣ የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ ሳይሆን እንጨቱ ነው። እንጨቱ መደገፊያ ተጠግቶ ይገፋል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም ጠርዙ ቀጥ ይላል። አያቷ ሰምተዋት ሳቁ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሠርተሽ ካሳየሽኝ ሰውየውን እመልሰዋለሁ» አሏት። ላሜራውን ያገኘችው ከቆራሊዮ ነው፤ ጎማ የሌለውን ብስክሌቷን ሰጥታ።

«በል እንስቀለው!» ላሜራውን ጠረጴዛው መሃል ቀድመው በቆረጡት ክፍተት ላይ አጋደሙት፤ ሚናስ ከሥር ተንጋሎ ገባና ማሽኑን ደገፈ። እሷ ከላይ ብሎኖቹን ማሰር ጀመረች። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ግን አልገባም። በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ፣ የማሽኑ ቀዳዳ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ርቆ ተቀምጧል።

«ሚናስ፣ የቀዳዳዎቹን ምልክት ያደረግነው በምን ነበር?»

«በጫማው ነዋ።» ጫማ የሚሉት፣ ማሽኑ እንጨት ላይ የሚቆምበትን ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከማሽኑ ፈተው፣ ላሜራው ላይ አስቀምጠው በሦስቱ ቀዳዳዎቹ ምልክት አድርገዋል።

«በየትኛው ፊቱ አስቀመጥነው?»

«ሁሌ እንጨት ላይ በሚቀመጥበት።»

ናዝራዊት ጫማውን አንስታ ገለበጠችው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ገጠሙ፤ ሦስተኛው ሌላ ቦታ ሄደ።  ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ፑንታው ደግሞ ተሰብሯል።

«ላሽ በይው» አለ ሚናስ ከሥር እየወጣ። «ሁለቱ ቀጥ አድርገው ይዘውታል። ከሥር ገብቶ ማን ያያል? የብሎን ጭንቅላት ቆርጠን በስቱኮ እንለጥፍባታለን። ቀሽት ትሆናለች!»

«አባባ ቢያውቁስ?»

«ያወቁ ዕለት ያው ግድግዳው ላይ መሰቀል ነው።»

ሁለቱም ወደ ግድግዳው አዩ። በዚህ ቤት የተበላሸ ሥራ አይጣልም፤ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። የተሰነጠቀ የወንበር እግር፣ ያጠረ መሳቢያ፣ የዚያ የቁም ሣጥን በር፣ ሁሉም ተደርድረዋል። ያበላሸው ሰው ስሙን ራሱ ይጽፍበታል። የሌላ ሰው ስም መጻፍ በዚህ ቤት ነውር ነው።

ናዝራዊት እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። ሚናስ ስቱኮውን ሲያቦካ አየችው። ይበልጥ ያናደዳት ማማሩ ነው፤ ሲጨርስ የውሸቱ ብሎን ከእውነተኞቹ አይለይም ነበር።

አቶ ወልደሥላሴ ከዕድር ስብሰባ ሲመለሱ ገና ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው መሃል የተጋደመውን የሚያብረቀርቅ ላሜራ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሠራችሁት? እውነት ሠራችሁት?» ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። በጣታቸው ብሎኖቹን ነካ ነካ አደረጉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጆች!»

መነጽራቸውን አደረጉ። የዋንዛ ቁራጭ መርጠው መደገፊያው ላይ አስጠጉ። እጃቸው ያው ይንቀጠቀጣል፤ ፊታቸው ግን በራ። ናዝራዊት አያቷን እንዲህ ካየቻቸው አንድ ዓመት አልፏል፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፣ ወዲያውም ወደ ጠረጴዛው ሥር አየች። ከዚያ ከሚንቀጠቀጠው እጅ ሥር በሁለት ብሎን የተንጠለጠለ ማሽን አለ። ጣታቸው ወደ ማብሪያው ሄደ።

ሮጣ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው።

«አባባ፣ አያብሩት! ሦስተኛው ብሎን የውሸት ነው።»

ሚናስ አንገቱን ደፋ። አቶ ወልደሥላሴ ወደ ላሜራው ጎንበስ አሉ። በጥፍራቸው የብሎኑን ጭንቅላት ፈነቀሉት፤ ከነስቱኮው ተነሣ። በርከክ ብለው ከሥር አዩ፤ ጫማውን አንስተው ገለበጡት፤ እንደገና ገለበጡት። ናዝራዊት ጩኸት ጠበቀች።

«ማሽኑ ሲገለበጥ ጫማውም መገለበጥ ነበረበታ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«የዚያችን ሣጥን በሮች አየሻቸው?» በአገጫቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉ ሁለት ትንንሽ በሮች አመለከቱ። «ሁለቱም የግራ በር ናቸው። ደንበኛው ቆሞ እያየኝ ነበር የሠራኋቸው። ይኼ ስህተት ነው፣ ይሰቀላል።» ከዚያ የብሎኑን ጭንቅላት መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩአት። «ይኼን ግን የምሰቅልበት ሚስማር የለኝም።»

ከጩኸት ይልቅ ይኼ ዘለቃት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቢሆንም ቀና ብላ አየቻቸው። «ፑንታችን ተሰብሮ ነው እንጂ አዲስ ቀዳዳ እንበሳ ነበር» አለች።

«ሱቁ አልተዘጋም» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

ሚናስ የቀረውን አልሰማም። በሩን በርግዶ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሮጧል።

ነጋዴው የመጣው ከሚናስ በፊት ነው። «ዘጠኝ ሰዓት አላልንም እንዴ ጋሼ?» አለ ሰዓቱን እያየ።

«ብለናል። አረፍ በል፤ ልጆቹ አንድ ቀዳዳ ይቀራቸዋል።»

ሚናስ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ፑንታውን በጥርሱ ነክሷል። ናዝራዊት ማሽኑን ከላሜራው ፈትታ ጫማውን ገልብጣ አስቀመጠች፣ ሁለቴ አየች፣ አያቷም አዩ። ሚናስ ላሜራውን ያዘ፤ ስትበሳ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። ማሽኑን መልሰው ሰቀሉት። ሦስተኛው ብሎን እየተሽከረከረ ገባና ነከሰ።

«ሶኬቱን!» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

ማሽኑ ከጠረጴዛው ሥር አጓራ። አቶ ወልደሥላሴ ዋንዛውን በመግፊያ እንጨት ከቀኝ ወደ ግራ ገፉት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እንጨቱ ግን መደገፊያውን ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰጋቱራው እስከ ነጋዴው ጫማ ድረስ ተበተነ። ሲያጠፉት ጠርዙ ላይ የተቀረጸው መስመር ከጫፍ ጫፍ አልተዛነፈም። ናዝራዊት ጮኸች፤ ሚናስ ዘለለና ራሱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ።

«አባባ፣ የተሳሳተችው ቀዳዳ ትደፈን?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

ናዝራዊት ሚስማር አነሣች። ላሜራው ሥራ ላይ ስለሆነ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ከባዶዋ ቀዳዳ አጠገብ ጭራ ጭራ ስሟን ጻፈች፣ የራሷን ብቻ። ሚስማሩን አስቀምጣ መጥረጊያ ፍለጋ ሄደች። ስትመለስ ሚናስ ምላሱን አውጥቶ ላሜራው ላይ አጎንብሷል፤ «ሚና» ብሎ «ስ» ላይ ደርሷል።

ነጋዴው ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ላሜራውን መታ መታ አደረገ። «ይኼማ ጥሩ ነገር ነው። ከሌላው ዕቃ ጋር እወስደዋለሁ፤ አይደል ጋሼ?»

አቶ ወልደሥላሴ የዋንዛውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። ቀና አላሉም።

«ባለቤቶቹን ጠይቃቸው» አሉ። «ስማቸው ተጽፎበታል።»

ነጋዴው ወደ ናዝራዊት ዞረ።  እሷ ግን ከግድግዳው ሥር ሌላ ዋንዛ አንስታ ለአያቷ አቀበለቻቸው፤ ሦስቱንም ብሎኖች በጣቷ አንድ በአንድ ነካች፤ ከዚያ ማሽኑን አበራችው።