ሳያልቅ ያጠፋሁት ቅጂ

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ የገዛ ልጄም አላመነኝም። ግን በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ምን ላተርፍ?

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እቤቴ፣ የኋላ ክፍል ውስጥ።

የልጅ ልጄ ክላርኔት ትነፋለች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ አንዱ ቫዮሊን ሌላው ከበሮ ይዘው፣ ያለ ኖታ፣ ያለ ልምምድ፣ እንደመጣላቸው እየተጫወቱ ይቀዱ ነበር።

ሙዚቃ ነው ይሉታል። ለእኔ በር የተዘጋባት ድመት ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሦስቱም በራሳቸው ጊዜ ዝም እስኪሉ ድረስ መቅጃው አይጠፋም።

‹‹እማዬ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንዳትነኪው›› ትለኝ ነበር የልጅ ልጄ።

‹‹አታሟርቺ!››

ያን ቀን ቁርስም ምሳም አልቀመሰችም። እኔ ደግሞ ልጅ ሳይበላ ሲውል አንጀቴ አይችልም። ሳህኑን ይዤ በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ።

ቫዮሊኑ ባለቤቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ከበሮ መቺው እጁን አጣጥፏል።

እሷ ብቻ ትነፋለች... ዓይኗን ጨፍና።

‹‹እማማ፣ አይግቡ›› አለኝ ባለቫዮሊኑ በሹክሹክታ።

‹‹ልትገድሏት ነው?››

‹‹እኛ ጨርሰናል... እሷ ናት የቀረችው።››

‹‹ታዲያ በቃሽ በሏታ!››

‹‹አይባልም። ራሷ ናት የምታቆመው።››

ልብ ብዬ አየኋት።

ድምፁ አይቋረጥም። ትከሻዋ ግን አይነሳም፣ ደረቷ አይሞላም...

አየር አትስብም።

ዘልዬ ገባሁና መቅጃውን አጠፋሁት።

ፀጥ።

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ክላርኔቱ ላዩ ላይ ተጋድሟል። አፉ ገና እርጥብ ነበር።

በሩ ከኋላዬ ነው፤ በአጠገቤ ያለፈ ሰው የለም። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው።

‹‹እማማ...›› አለ ከበሮ መቺው፣ ‹‹ምን አደረጉ?››

ሰባት ወር ሆነ። ፖሊስ መጥቶ ፍርግርጉን ነካክቶ ሄደ። አባቷ፣ ልጄ፣ ‹‹አንቺ ስትጨነቂ ሰው ይጠፋል›› ብሎኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም።

እኔ እኮ ምሳዋን እንድትበላ ብዬ ነው።

ቅጂው እኔ ጋ ነው። ባጠፋሁት ቀን ርዝመቱ አርባ አንድ ደቂቃ ነበር። ባለፈው ወር አርባ አራት ሆነ።

የነካው ሰው የለም።

በተጨመረው ላይ የምትነፋው እሷ ናት። ግን እየደከመች ነው... ድምፁ ይሳሳል። ስታቆም ምን እንደሚሆን ጓደኞቿን ጠየቅኳቸው። ‹‹እሱን አይጠይቁን›› አሉኝ።

በየቀኑ ምሳዋን ከነማንኪያው ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት ከፈትኩት።

አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ክላርኔቱ ቆመ።

መቅጃውን አልነካሁትም። አሁንስ አልነካውም...

ከዝምታው ውስጥ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ። ቶሎ ቶሎ... በጣም እንደራበው ሰው።

ቀና አልኩ።

ወንበሩ ላይ ያለው ሳህን እንደሞላ ነው።

ማንኪያው ግን የለም።