ወልደአረጋይን ማን ጠራው?

ወልደአረጋይ ከገደሉ ሥር በጀርባው ተጋድሟል፤ በትሩን እንደጨበጠ ነው። ኢንስፔክተር ንጋቷ ከጎረቤላ ከተማ የመጣችው «አንድ እረኛ ተንሸራቶ ሞተ» ተብላ ነበር። አፋፉ ላይ ወጥታ ጭቃውን ካየች በኋላ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። የሟቹ ዱካ ሳይቸኩል፣ ቀጥ ብሎ እስከ ገደሉ ጠርዝ ይሄዳል። የሌላ ሰው ዱካ አጠገቡ የለም። ይህን ተራራ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ምን ነክቶት ነው በገዛ እግሩ ወደ ገደል የሚሄደው?

«ሚስቱ ጠርታው ነዋ!» አለ ጎረቤቱ ጌታሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው። እሱም በግ ጠባቂ ነው። «በእኛ አገር ጉም ሲወርድ ዓይን አይሠራም። ሚስት ደህናው መንገድ ላይ ቆማ ትጣራለች፣ ባል ድምፅዋን ይዞ ይገባል። ትናንት ግን በሰለች የተጣራችው ከዚህ ከአፋፉ ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምን ብላ?»

«‹ወልዴ፣ ወዲህ ነው! ዳለቻን አስቀድማት!› ብላ። መሪ በጓን ማለቷ ነው።»

ወሬው መንደሩን አዳርሷል። ለቅሶ የመጣው ሰው እንኳ ከበሰለች ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ለቅሶው የነበረው ልጇ ቃለ አብ በሠራው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰዎች አጎዛ ላይ እያደሩ የእረኛ ኑሮ የሚቀምሱበት ቤት።

«እትዬ በሰለች፣ ትናንት የት ዋሉ?»

«ጎረቤላ ገበያ፣ ልጄ። የበግ ፀጉር ሸጬ ሲመሽ ገባሁ።»

«ከአፋፉ ‹ዳለቻን አስቀድማት› እያሉ ሲጣሩ የሰማ አለ።»

የበሰለች ፊት አመድ መሰለ። ዞር ብላ ልጇን አየችው። ቃለ አብ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ውሰጂኝ።»

ንጋቷ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ ልብ የሚሰብር ውሸት ሲገጥማት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ በረቱ ወጣች።

«ጌታሰው፣ ዳለቻ የትኛዋ ናት?»

«ዳለቻማ ለገና ለእንግዶች ታረደች። አሁን መሪዋ ቦራ ናት። በሰለችም ሲመሽ የምትጣራው ቦራን ነው።» ይህን ተናግሮ ራሱ ደነገጠ።

ንጋቷ ተመልሳ ወደ አፋፉ ሄደች። እንግዶች ቁልቁል የሚያዩበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ወደ ጎረቤላም ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ማረፊያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእትዬ በሰለች ውሸት ግን እስኪያድርም አልቆየ» ብላ ጀመረች። «እሳቸው እስኪመሽ ገበያ እንደነበሩ ፀጉር የገዟቸው ሰዎች መስክረዋል። ድምፁ ግን የእሳቸው ነው፤ ጌታሰው አልዋሸም። ደግሞ ማን የሞተች በግ ይጣራል? ድምፁ ከገና በፊት የተቀዳ ነው። ወልደአረጋይ ቃሉን ልብ አላለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያመነውን ድምፅ ብቻ ነው የተከተለው። እትዬ በሰለች የዳለቻን ስም ሲሰሙ ገባቸው። ድምፃቸውን ቀድቶ በአፋፉ ድምፅ ማጉያ የሚያሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቃለ አብ ተንበረከከ። «ጉሙ አገሩን ሸፈነባቸው። ምንም ሳናይ ልንመለስ ነው ብለው እንግዶቹ አጉረመረሙ። ቢያንስ የእናቴን ጥሪ ይስሙ ብዬ በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት። አባቴ ታችኛው መስክ ያለ መስሎኝ…»

«ሰው እናትህን ነፍሰ ገዳይ ሲል ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

«አባትህ ሲመጣ አልሰማህም?»

«ሰማሁት። ከጉሙ ውስጥ ‹መጣሁ፣ በሱዬ!› አለ። እንግዶቹ የትርዒቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ልጮህ ስል… ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ።»

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። በሰለች ግን አላለቀሰችም። ተነስታ የንጋቷን እጅ ያዘች።

«አባቱን ሳይቀብር እንዳትወስጂብኝ።»

«አልወስደውም፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ገበያ ስውል አይወድም ነበር» አለች። «ቶሎ የመጣሁለት መስሎት ነው።»