አምስቱ ቀይ ክሮች

በርበሬ አዳቃዩ ባርናባስ ዳባት ዳር ባለው የአትክልት ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ የተገኘው ማለዳ ላይ ነው። ወንበሩ ተገልብጧል፤ የውኃ በርሜሉ ጠርዝ ደም ነክቶታል። በአንድ እጁ ወረንጦ፣ በሌላው ቀይ ክር ይዟል። ኢንስፔክተር ሠርካለም ከደባርቅ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ሲሠራ ወድቆ ነው ይላሉ። እኔ ግን ረዳቱን ጤናዬን ጠርጥሬያለሁ። መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት፤ ደግሞ አታለቅስም» አለ ካቴናውን እያቅጨለጨለ።

ቸኩሎ የሚያስር ፖሊስ የሠርካለምን አንጀት ያሳርራል። ጤናዬን ለብቻዋ ወሰደቻት። የልጅቷ ዓይን ግን ከአበቦቹ አልነቀል አለ።

«ምን ታያለሽ?»

«ራሳቸውን እንዳያዳቅሉ ጋሼ ትናንት ወንዴያቸውን የነቀለላቸው እንቡጦች ናቸው። ዛሬ ፀሐዩ ሳይከር የአባት ተክላቸውን የአበባ ዱቄት ካላስነካኋቸው ይረግፋሉ። እኔን ከወሰዳችሁኝ የስንት ዓመት ልፋቱ አብሮት ተቀበረ።»

«ክሩስ?»

«የእናቲቱ ምልክት ነው፤ ዘሩን የምትይዘው እሷ ናት። ወላጆቹ ደካሞች ናቸው፤ ልጃቸው ግን ሁለቱንም ያስከነዳል። አምና እናት ረጅሟ የበርበሬ ዓይነት ነበረች። ዘንድሮ ጋሼ ድቡልቡሏን መረጠ፤ ዘር ስለምታበዛ።»

ሠርካለም ቅጠሉን እየገለጠች ረድፎቹን አየች። ድቡልቡሏ ላይ ማበጥ የጀመሩት ፍሬዎች ሁሉ ቀይ ክር አላቸው። ሬሳው አጠገብ ግን አምስት አዳዲስ ክሮች በረጅሟ እንቡጦች ላይ ታስረዋል፤ ወንዴያቸውም ጥርት ተደርጎ ተነቅሏል። ወደ በሩ ሄደች።

ዘበኛው በሩ ላይ ተክዘው ቆመዋል።

«አያ ውዱ፣ ማታ ማን ገባ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጤናዬ ስትወጣ አይቻለሁ። ከዚያ ለሠርክ ጸሎት ሄድኩ። ምነው እግሬን በቆረጠው!»

ከሁሉ በላይ ጮሆ የሚያለቅሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ለለቅሶ የመጣው ይግዛው ነበር፤ የሟቹ የድሮ ሸሪክ።

«አምና ከተለያየን ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥኩም» አለ።

«ለምን ተለያያችሁ?»

«ዘር መሸጤን አልወደደውም።»

«ከዲቃላው ፍሬ የለቀምከውን ነዋ!» አለች ጤናዬ። «ጉልበቱ ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። የገበሬው ማሳ ግማሹ ድንክ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊናገርብህ ነበር!»

ሠርካለም ሁሉንም በረድፎቹ መካከል ሰበሰበቻቸውና ለይግዛው ቀይ ክር ሰጠችው።

«እስቲ ክሩን እናቲቱ ላይ ይሰሩልኝ።»

እጁ ሳያመነታ ወደ ረጅሟ ሄደ።

«ይበቃል» አለች ሠርካለም። «ባርናባስ እነዚህን አምስት ክሮች አላሰረም፤ ዘንድሮ እናቲቱ ድቡልቡሏ ናት። ጤናዬም ይህን ታውቃለች። አያ ውዱ ወንዴ መንቀል አያውቁበትም። ያሰረው ሙያውን የሚያውቅ፣ ዘንድሮ መቀየሩን ግን ያልሰማ ሰው ነው፤ ሲሠራ ወደቀ እንዲባል ብሎ። አምና ከዚህ የወጣው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ክሩ ከይግዛው ጣት ወደቀ። «ረጅሟን የመረጥኳት እኔ ነበርኩ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «እንዳይናገርብኝ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ገፋሁት እንጂ ይሞታል አላልኩም።»

ሳጅኑ አፍሮ ካቴናውን ይግዛው እጅ ላይ አጠለቀ።

«ፀሐዩ ሳይከር ሥሪ» አለቻት ሠርካለም ጤናዬን።

ጤናዬ የወደቀውን ክር ከመሬት አነሳች። እንቡጧን ዱቄት አስነካችና ክሩን ድቡልቡሏ ላይ አሰረችው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።