ከሟቹ ጋር የሄደው ቁጥር

ፕሮፌሰር ቪበ ሮርዳ ከቴሌስኮፑ ማማ ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። ሰው እንደገፋቸው የተቀደደው ኮታቸው ይመሰክራል። መርማሪ ፌና ባውስማ ትናንት ምሽት ማማው ላይ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ስታነጋግር አረፈደች።

«ማን ይጠላቸው ነበር?» ስትል የከዋክብቱን ርቀት ዓመታት ሙሉ የለካችውን ሉስ ዴከርን ጠየቀች።

«የጠላቱን ነገር ተዪኝ፣ እኔ ቁጥሩ ነው የጠፋብኝ! ሕዋ የሚሰፋበት ፍጥነት በሁለት መንገድ ይለካል፤ በቅርብ ከዋክብትና ከሕዋ ጅማሬ በቀረው ጥንታዊ ብርሃን። ሁለቱ አልገጥም ብለዋል። ወደምንመኘው መልስ እንዳናደላ ቪበ ልኬቴ ላይ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ደመረበት። ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ነገ በሁላችንም ፊት ሊቀንሰው ነበር።»

«ቁጥሩ ካልተገኘስ?»

«ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ!»

የቴሌስኮፑ ቴክኒሻን ትያሊንግ ትከሻውን ሰበቀ። «ከነሱ ጭቅጭቅ እኔን አውጡኝ። መሣሪያው ከሠራ ለእኔ በቂ ነው።»

ሦስተኛው፣ «ልዩነቱ የልኬት ስህተት ነው፣ ይጠፋል» እያለ ያረጀው ዶክተር ሲብረን ሃርምስ ነበር። «ምን ልበልዎት?» አለ በምሬት። «ይህን ሁሉ ለፍተን ልዩነቱ ንቅንቅ አላለም። ሕዋን የሚገፋው ጥቁር ኃይል መጫወቻ አድርጎናል።»

ፌና ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ጠራቻቸው። ለምሳ የያዙትን የአይብ ዳቦ የቀመሰ የለም።

«ሉስ የፕሮፌሰሩ ሞት ያከስራታል» ብላ ጀመረች። «ትያሊንግ መልሱ የትም ቢወድቅ ግድ የለውም። እርስዎ ግን ዶክተር፣ ልዩነቱ ንቅንቅ አላለም አሉኝ። ቁጥሩ ሳይቀነስ በምን አወቁ?»

«ገምቼ ነው።»

«ይጠፋል እያሉ አርጅተው፣ ዛሬ ተቃራኒውን ገመቱ? ቁጥሩን ሰምተዋል። ሊነግርዎ የሚችለው ደግሞ ሟቹ ብቻ ነው።»

ሲብረን ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ። «ስነዘንዘው ሰልችቶት ነገረኝ። ቀንሼ ሳየው ዕድሜዬ ከንቱ ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱን የሚያጠፋ ሌላ ቁጥር ንገራቸው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

ካቴናው ሲገባለት ሉስ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። «ቁጥሩን ንገረኝ!»

ነገራት። ብዕሯን አንስታ መልሳ ጣለችው።

«ጻፊው እንጂ» አለች ፌና።

«ይህን ቁጥር ለማዛባት ሰው የገደለ ነው የነገረኝ ልበል? ማን ያምነኛል?» ሉስ እያለቀሰች ወደ ትያሊንግ ዞረች። «ልኬቱን ከመጀመሪያው ኮከብ እንደገና እንጀምራለን።»