ያላለቀው የመዝሙር ደብተር

ጋሼ ሹካ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሲዞሩ ጭራሮ አፏን ይበልጥ ከፈተችው። ድምፅ ግን አላወጣችም። በግራዋ ጓደኛዋ ድምቡሼ ለሁለት ሰው የሚበቃ ድምፅ ታወጣለች፤ ከኋላ ያሉት ወንዶች ልጆች ጣሪያውን ሊያነሱት ደርሰዋል፤ እሷ በመሃላቸው ከንፈሯን እንደ ዓሣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከቃላቱ አንዱንም አትስትም። በዚህስ ማንም አያማትም።

ለመዘምራኑ አሰልጣኝ «ሹካ» የሚለውን ስም ያወጡት ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል። ስሙ የመጣው ከኪሳቸው ከማትጠፋው ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው። ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጓት አንድ ቀጭን ድምፅ ትሰጣቸዋለች፤ መዝሙሩ ሁሉ ከዚያ ድምፅ ይነሳል። ሌላም ጠባይ አላቸው። ልጆች ሲዘምሩ አፋቸውን አያዩም፤ የሚያዩት ትከሻ ትከሻቸውን ነው። ለምን እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።

«ጎሽ!» አሉ መዝሙሩ ሲያልቅ። «እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ለየብቻ እሰማችኋለሁ። ማን በሥልጠናው እንደሚቀጥል የምነግራችሁ ያኔ ነው። የወሰዳችሁትን አሮጌ ደብተርም ያን ዕለት ትመልሳላችሁ። ገልብጬ አልጨረስኩም የሚል እንዳልሰማ!»

ለየብቻ! ጭራሮ ቀጫጭን እግሮቿን ከወንበሯ ሥር ሸሸገች። እግሮቿ ደግሞ ድሮም እግር አይደሉም፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከእነሱ ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ድምቡሼ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍሽን ብቻ! አንቺ እኮ ነፍስ ነሽ።»

«ምን ያስቅሻል? የመጀመሪያ ቀን ስዘምር የተባልኩትን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ከኋላቸው የተቀመጠ አንድ ጉረኛ «ይቺ መኪና ብትገፋም አትነሳም» ብሎ ረድፉን በሙሉ አስቆት ነበር። ጭራሮ ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፍሽ አላለችም።

«ታዲያ ቅዳሜ ቅሪያ! ማን ይሞታል?»

«እናቴ ትሞታለች።»

ድምቡሼ ይኼን ጊዜ ሳቋን አቆመች። የጭራሮን እናት የማያውቅ ማን አለ!

እናቷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ፀጉር ቤት አላት፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ ሲሞቅ የሚያጓራ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። እዚያ ፀጉሯን የተሠራች ሴት ሁሉ የእናቷን የመዘምራን ዘመን ታሪክ ሳትሰማ አትወጣም። እንዴት ከፊት ረድፍ ትቆም እንደነበር፣ አሰልጣኙ እንዴት «አንቺ ከሌለሽ መዝሙሩ አይነሳም» ይሏት እንደነበር! ጭራሮ ይህን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ግራ የሚያጋቧት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ። እናቷ ስትዘምር አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም፤ «የፀጉር ቀለሙ ሽታ ድምፄን በላው» ነው የምትለው። ለሥልጠና ስትሸኛትም እስከ አዳራሹ አጥር በር ብቻ ነው፤ ግቢ ብትባል ሞቼ እገኛለሁ ትላለች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጭራሮ የግዷን ደብተሩን አወጣች። የሥልጠናው ወግ ይህ ነው፦ አዲስ ገቢ ሁሉ ከአዳራሹ ቁም ሣጥን ከእሱ በፊት የሠለጠነ ልጅ በእጁ የጻፈውን የመዝሙር ደብተር ይወስዳል፤ በራሱ እጅ አዲስ ደብተር ላይ ይገለብጠዋል፤ አሮጌውን ይመልሳል፤ ሥልጠናውን ሲጨርስ የራሱንም እዚያው ይተዋል። ጋሼ ሹካ «መጀመሪያ እጃችሁ ይማር፤ ጉሮሯችሁ ይከተላል» ይላሉ። ለጭራሮ የደረሳት ደብተር ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በአይጥ የተበላ ነበር። የባለቤቱ ስም የለውም።

ሁለት መዝሙር እንደገለበጠች ፈገግ አለች። የደብተሩ ባለቤት ሥራ ፈት ቢጤ ነበረች። በየገጹ ዳር የሴት ልጅ ጭንቅላት ሥላበታለች፤ አንዷ ፀጉሯ የተጎነጎነ፣ አንዷ ወደ ላይ የታሰረ፣ አንዷ ግንባሯ ላይ የተቆረጠ። ፊት የላቸውም፣ ፀጉር ብቻ ናቸው። ከሰባተኛው መዝሙር ጎን ግን ጽሕፈት አለ።

«ዛሬም አልዘመርኩም። አፌን ብቻ ነው የከፈትኩት። ጋሼ አላወቁም።»

ጭራሮ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እንደ እሷ ያለ ጉድ ሌላም ነበራ! ገጾቹን እየዘለለች አነበበች። ከአሥረኛው መዝሙር ጎን፦ «ከኋላዬ ያለችው ልጅ ድምፅ ሲያምር! ወደኋላ ጠጋ ስል በእኔ አፍ የሚወጣ ይመስለኛል።» ከአሥራ አራተኛው በታች ደግሞ፦ «ነገ ለየብቻ ነው። ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ እቀራለሁ። ሁለቱንም ደብተር በጎረቤታችን ልጅ እልካለሁ።» ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ወረቀት ነው።

ይህን ጊዜ ነው ጽሕፈቱን ልብ ብላ ያየችው። መስመሩን ይለቅና ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ታውቃለች። ፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር ያለው የቀጠሮ ደብተር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲህ ነው የተጻፈው።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ግን ንዴት እንደ እሳት ለበለባት። ለዚህ ነው እንግዲህ ሌሊት እየቃዠች የሰነበተችው! ላልነበረ የፊት ረድፍ! ላልተዘመረ መዝሙር!

ዓርብ ዕለት ያላገኘቻቸውን መዝሙሮች ከድምቡሼ ደብተር ገልብጣ ጨረሰች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። እናቷ የአንዲት መምህርት ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር፤ ወሬውም እንደተለመደው ሞቋል።

«ነገ እኮ ልጄ ለብቻዋ ልትዘምር ነው።»

«ታዲያስ! ዘር ከልጓም ይስባል» አለች መምህርቷ። «ይልቅ ዛሬስ አልለቅሽም። አንድ ስንኝ እንኳ አሰሚን እስቲ!»

«ምን ዋጋ አለው፤ ቀለሙ ድምፄን በላው እንጂ!»

«ቀለሙ ነው እማዬ?»

ጭራሮ ይህን ስትል ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። የእናቷ እጅ ቢጎዲኑን እንደያዘ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ደብተሩ ጭራሮ ጉልበት ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ጣቷ ዚፑ ላይ ነው። አንድ ቃል ይበቃል። መምህርቷ ወሬውን እስከ ማታ ሠፈሩን ታዳርሰዋለች። እናቷ ግን ከመስታወቱ ውስጥ ከረድፍ ልትወጣ ስሟ እስኪጠራ እንደምትጠብቅ ልጅ ታያታለች። ጭራሮ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። የራሷ ነው።

«ቀለሙ ነው» አለች ጭራሮ ወደ መምህርቷ ዞራ። «እኔን ራሱ ያስነጥሰኛል።»

መምህርቷ ተሠርታ ስትወጣ ጭራሮ ደብተሩን ማበጠሪያዎቹ መሃል አስቀመጠችና መጥረጊያ አነሳች። እናቷ እጇን በፎጣ አደራረቀች። ገለጠችው። እስከ ባዶው ወረቀት ድረስ አገላበጠችው። ከዚያ አንዷን ፊት የሌላት ልጅ በጣቷ ነካቻት።

«ይቺን ጉንጉን ታናሽ እህቴ ላይ ሞክሬያት ነበር። ራሴን አመመኝ ብላ ስታለቅስ ዋለች።» የደንበኞቹ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን ይኸው እያደር ከበደ።»

«ታዲያ ለምን ታወሪዋለሽ?»

«ስለሚናፍቀኝ ነዋ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላኝም እኮ። ወለሉ ሰም ሰም ይሸት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጎን መስኮት ገብታ ጉልበታችን ላይ ታርፋለች። እንዘምራለን… ይዘምራሉ። እኔ መሃላቸው ነኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ልጄ። ከቀረሁም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩ ውጪ ቆሜ እሰማ ነበር። ለሰው ሳወራው ግን ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።»

ጭራሮ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈች። ንዴቷን ፈለገችው፤ የት እንደገባ አጣችው።

«እማዬ፣ እኔም አፌን ብቻ ነው የምከፍተው።»

እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። ተያዩ። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አይታወቅም፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እናቷ በቀስታ እንዲህ አለች፦

«ከፈለግሽ ነገ ጉሮሮዋን አሟታል ብዬ እኔው እደውላለሁ።»

ቀልድ አልነበረም። ጭራሮ የወደቀውን ፀጉር ሰብስባ ጠርጋ ጨረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጫማዋን አሰረች። እናቷ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት፤ እዚያው ቀረች።

ተራዋ ሲደርስ ብቻዋን ወደ ፊት ወጣች። ጋሼ ሹካ ብረቷን ጉልበታቸው ላይ መቱ፤ ቀጭኗ ድምፅ ወጣች።  ጭራሮ በሩ ስንት እርምጃ እንደሚሆን በዓይኗ ለካችው። አሰልጣኙ ግን አፏን አያዩም። ትከሻዋን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ በድንገት ገባት፤ የሚዘምር ሰው አየር ሲስብ ትከሻው ይነሳል፤ አፉን ብቻ የሚከፍት ሰው አየር ምን ያደርግለታል? ጉዷን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አየር ሳበች። ዘመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ወርዶ ወደቀ። ጉረኛው «መኪናዋ…» ብሎ ሲጀምር ድምቡሼ በክርኗ ጎኑን ጎሸመችው። ጭራሮ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን አላቆመችም። እስከ መጨረሻው ስንኝ ሄደች።

«ዝቅ ዝቅ ትያለሽ» አሉ ጋሼ ሹካ። «እሱ ይቃናል። የማይቃናው የሌለ ድምፅ ነው። ማክሰኞ በሰዓትሽ ነይ። ደብተሩስ?»

ከቦርሳዋ አወጣችው፤ ግን አልሰጠቻቸውም።

«ጋሼ፣ እኔ ጨርሻለሁ። የጻፈችው ልጅ ናት ያልጨረሰችው። ትንሽ ቀን ይሰጣት።»

አሰልጣኙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት፤ ደብተሩን ተቀብለው ገለጡት። ፊት የሌላቸውን ልጃገረዶች ሲያዩ ግንባራቸው ተፈታ።

«ትከሻዋ የማይነሳው ልጅ» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ስንት ቅዳሜ ጠበቅኳት! ደህና ናት?»

«ደህና ናት። በሩ ላይ ቆማለች።»

ጋሼ ሹካ በመስኮቱ ወደ ውጪ ተመለከቱ። ከዚያ ደብተሩን መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ካስክ ውስጥ ገብታ ዓለምን ረስታለች። ጭራሮ ደብተሩን ከአሥራ አራተኛው መዝሙር ቀጥሎ ያለው ባዶ ገጽ ላይ ከፍታ በቀጠሮ ደብተሩ ላይ አኖረችው፤ ከጎኑ ብዕር አስቀመጠች። አሰልጣኙ ያሉትንም ነገረቻት። እናቷ ወረቀቱን ብዙ አየችው። መጨረሻ ላይ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አሥራ አምስተኛው… ምን ብሎ ነበር የሚጀምረው?»

ጭራሮ ስንኝ በስንኝ እየዘመረች ታስጽፋት ጀመር። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ዝቅ ይላል፤ ጽሕፈቱም እንደ ድሮው ወደ ላይ ይወጣል።

«እኔን ነው የምትጠሩት?» ብላ ጮኸች ሴትየዋ ከካስኩ ውስጥ።

«አንቺን አይደለም፣ አርፈሽ ተቀመጪ!» አለች እናቷ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ እናቷ ብዕሩን አኖረችው። ጭራሮ መዝሙሩን ሳታቋርጥ ወደ መስታወቱ አየች። የእናቷ ትከሻ ቀስ ብሎ ከፍ አለ።